ቅባቱን አወጡት፤ በቦታው ምን ገባ?

እንደምን አመሻችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ! የድሬን ሙቀት ችላችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማነሳላችሁ ከውጭ እየታሸገ ስለሚመጣው ስላይስ ቺዝ ነው። እያንዳንዱ በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ ቢጫ፣ ስስ። ከእሱም በተለይ «ከቅባት ነፃ» የሚል የተጻፈበትን። ርዕሱ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን ሐኪም «ቅባት ቀንስ» ያለው ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚህ ጽሑፍ ላይ ነው። ከዚያ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ይመጣል፦ «አቦ፣ ቅባት ከሌለው እንደልቤ ብበላው ምን ችግር አለው?» ችግር አለው። ለደም ግፊት ሕመምተኛ በተለይ አለው። ዛሬ ያንን ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። አንዱ ስላይስ ወደ 20 ግራም ይመዝናል። ከቅባት ነፃ የሆነው 30 ካሎሪ አካባቢ አለው። መደበኛው የዚህን እጥፍ ይሆናል። ፕሮቲኑ ከ4 እስከ 5 ግራም ነው፣ ለዚህች ቁራጭ ብዙ ነው። ካልሲየምም አለው። ስኳር ያለበት ሰውም ብዙ አይጨነቅ፤ ካርቦሃይድሬቱ ከ2 እስከ 3 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ቆሻሻ ምግብ ነው ብዬ አላስፈራራችሁም። አይደለምም።

አሁን እሽጉን ገልብጡት። ከጀርባ ያለችውን ጥቃቅን ጽሑፍ እንይ። እዚያ የሚጻፉት ነገሮች የሚደረደሩት በብዛታቸው ነው፤ ብዙው ቀድሞ፣ ትንሹ መጨረሻ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ቅባቱ የወጣለት ወተት ነው። ቀጥሎ የወተት ፕሮቲን፣ አጓት፣ ከዚያ ሶዲየም ሲትሬት፣ ሶዲየም ፎስፌት፣ ጨው፣ ላክቲክ አሲድ። ሻጋታን የሚከለክል ሶርቢክ አሲድ። ቢጫው ቀለም ብዙ ጊዜ አናቶ ከሚባል ፍሬ ወይም ከፓፕሪካ ይመጣል። ቫይታሚን ኤም ይጨመርበታል። ምክንያቱም ቫይታሚን ኤ ቅባት ውስጥ ስለሚኖር፣ ቅባቱ ሲወጣ አብሮ ይወጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ሶዲየም ሲትሬት ምን ይሠራል? በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን በካልሲየም ተያይዞ የተቋጠረ ነው። ሲትሬቱ ካልሲየሙን ከዚያ ያላቅቅና በቦታው ሶዲየም ይተካል። ያኔ ፕሮቲኑ ይፈታል፣ ውሃ ይይዛል፣ ለስላሳና አንድ ወጥ ይሆናል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቱን በምትባል ከተማ ጌርበርና ሽቴትለር የተባሉ ሰዎች በ1911 እ.ኤ.አ. ይህን ዘዴ ተጠቅመው ቺዝ ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ አደረጉ። ድንቅ ሥራ ነው። ቅባቱ በወጣለት ቺዝ ውስጥ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ያን ሁሉ ውሃ ይዞ ቅርጹን የሚጠብቀው በእነዚህ ጨዎች ጭምር ነው።

ሶዲየም ማለት የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገው የጨው ክፍል ነው። ስለዚህ ሶዲየም በሁለት በር ይገባል። አንዱ ምላሳችን የሚያውቀው የገበታ ጨው ነው። ሌላው ሲትሬቱና ፎስፌቱ ናቸው፤ እነዚህ እንደ ገበታ ጨው አይቀምሱም። ምላስ ባያውቃቸውም ደም ያውቃቸዋል። አንድ ስላይስ ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 300 ሚሊግራም ሶዲየም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በታች ይላል፤ ይህ 5 ግራም ጨው ማለት ነው። ጠዋት ዳቦ ውስጥ ሁለት ስላይስ የከተተ ሰው ከቀኑ ድርሻ ሩቡን ያህል ጨረሰ። የዳቦው ጨው ገና አልተቆጠረም። የምሳው ወጥ አልተቆጠረም። ማታ የሚገዛው ሳምቡሳም እንደዚሁ። የደም ግፊት ክኒን እየዋጠ ይህን በየቀኑ የሚበላ ሰው ክኒኑን ሥራ እያበዛበት ነው።

የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ፎስፌት የሚለውን ቃል ለብቻው ፈልጉ። ፋብሪካ የሚጨምረው ፎስፌት በተፈጥሮ ምግብ ውስጥ ካለው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። የታመመ ኩላሊት ደግሞ ይህን ማስወጣት ይከብደዋል። ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትብሉት።

ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ሁሌም ይነሱልኛል። ለጾም ይሆናል ወይ? አይሆንም። ቅባቱ ወጣ እንጂ ወተትነቱ አልወጣም። ሐላል ነው ወይ? ኢንዛይም የሚል ከተጻፈበት፣ ኢንዛይሙ ከጥጃ ጨጓራም ከማይክሮብም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የሐላል ምልክቱን እዩ፣ ከሌለ ሻጩን አትመኑ። «0 ግራም ቅባት» ማለት ምንም የለም ማለት ነው ወይ? በአሜሪካ ሕግ በአንድ ድርሻ ከግማሽ ግራም በታች ከሆነ ዜሮ ተብሎ መጻፍ ይቻላል። ይህኛው አያስጨንቅም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። አይብ አለን። ወተቱ ረግቶ፣ ተንጦ፣ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራውን በቀስታ አሙቀን ነው የምናገኘው። ቅባቱን ቅቤ ይዞት ሄዷል። 100 ግራም አይብ ወደ 15 ግራም ፕሮቲን ሲኖረው፣ ቅባቱ 2 ግራም አይሞላም። ጨውም እኛ ካልጨመርንበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያንኑ ያህል ፕሮቲን ከስላይስ ለማግኘት ሦስት ወይም አራት መብላት አለባችሁ። አብሮ የሚመጣው ሶዲየም ደግሞ ወደ 1,000 ሚሊግራም ይጠጋል። ድንበር ተሻግሮ የመጣ ውድ እሽግ ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት የእናቶቻችን ሙያ ይህን እንደሠራ አስቡልኝ። እኔ በዚህ እኮራለሁ!

ግን አይብም እንከን አለው፣ አልደብቅም። ካልሲየሙ ብዙው ከአጓቱ ጋር ይፈሳል፤ በዚህ ስላይሱ ይበልጠዋል። ወተቱ ሳይፈላ ከተሠራም እንደ ብሩሴሎሲስ ያለ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። አሬራውን የምናሞቅበት ሙቀት ጀርሙን ሁሉ አይገድልም። በእኛ ሙቀት ደግሞ መብራት ከጠፋ አይብ ቶሎ ይበላሻል። ከምታውቁት ሰው ግዙ፣ ትንሽ ትንሽ ግዙ፣ በቶሎ ብሉት።

እናቶች፣ አንድ ነገር አደራ። ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከቅባት ነፃ የሚባል ነገር አትስጡ። በዚያ ዕድሜ አንጎሉ ቅባት ይፈልጋል። ለተማሪ ልጅ ምሳ ዕቃ ከሆነ አንድ ስላይስ ይበቃል፣ አጠገቡ ሙዝ ወይም ቲማቲም ይኑር። ትኩስ ፈቲራ ላይ አድርጋችሁ እንዲቀልጥ ግን አትጠብቁ። ቅባት ስለሌለው ፊቱ ይደርቃል፣ ሲታኘክ ላስቲክ ላስቲክ ይላል።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተለያዩ እሽጎች አምጥቻለሁ። አሁን በየረድፉ ላዙራቸው። መጀመሪያ ሶዲየም የሚለውን መስመር ፈልጉ፣ ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ። መነጽር የረሳችሁ ጎረቤታችሁ ያንብብላችሁ።