የትራሳችሁን ልብስ አውልቁትና እዩት

[ምስል፦ የተነጠፈ አልጋ። ነጭ የትራስ ልብስ። እጅ ይመጣና ልብሱን ቀስ ብሎ ይገፍፈዋል።]

ቪዲዮው ከመቀጠሉ በፊት አንዴ ብድግ በሉ። መኝታ ቤት ግቡና የትራሳችሁን ልብስ አውልቁት። እጠብቃችኋለሁ።

አያችሁት? መሃሉ ቢጫ፣ ዳር ዳሩ ወደ ቡኒ የሚሄድ፣ ካርታ የመሰለ ነገር አለ አይደል? አትፈሩ፣ የእኔም እንደዛው ነበር። ለማንም አልናገርም።

ዛሬ እሱን እናነጣለን። ማሽን ላለውም፣ በሳፋ ለሚያጥበውም። መጀመሪያ ግን እኔ የሠራሁትን ጥፋት ልንገራችሁ።

[ምስል፦ ሳፋ ውስጥ የተዘፈዘፈ ትራስ፣ ጎኑ ላይ የበረኪና ጠርሙስ።]

አምና ለገና እናቴ ከደሴ መጣች። ለበዓሉ ለጋ ቅቤ ተቀብታ፣ ሻሿን አስራ። ሻሹ ግን ሌሊት ሌሊት እየወለቀ ነው የሚያድረው። እሷን ሸኝቼ ስመለስ ትራሱን አየሁት። ምን ችግር አለው ብዬ ግማሽ ጠርሙስ በረኪና ሳፋ ውስጥ ገልብጬ ዘፈዘፍኩት። አደረ። ጠዋት ሳወጣው ጭራሽ ብሶበት ጠበቀኝ። በስልክ ቪዲዮ ደውዬ ሳሳያት፣ «ምነው ልጄ፣ አልጫ ደፋሽበት እንዴ?» አለችኝ።

ምን ሆኖ ነው? 

[ምስል፦ የቢጫው እድፍ፣ በጣም ከቅርብ።]

ተኝተን ሳለን ሦስት ነገር ከእኛ ወደ ትራሱ ይገባል። ላብ፣ ለሃጭ እና ወዝ። ላብ አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃው ይተናል፤ ጨውና ትንሽ ፕሮቲን ይቀራል። ለሃጭም ብዙ አይለይም። ዋናው ጉድ ያለው ወዙ ላይ ነው። ወዝ ስብ ነው። ፊታችንና የራስ ቆዳችን ያመነጩታል። እኛ ደግሞ ላዩ ላይ የፀጉር ቅባቱን፣ የፊት ክሬሙን፣ ቅቤውን እንጨምርበታለን።

ስቡ መጀመሪያ ሲነካው ትራሱ ላይ ምንም አይታይም። ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ሲከርም ነው ቢጫ የሚሆነው። ዕቃ ቤት የተረሳ ቅቤ ቀለሙም ሽታውም እንደሚለወጥ ታውቃላችሁ። ትራሱ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። ለዚህ ነው ትላንት ነጭ የነበረ ትራስ «ድንገት» ቢጫ ሆኖ የምናገኘው።

በረኪና ደግሞ ሥራው ቀለም ማጥፋት ነው። ስብ ማውጣት ላይ ደካማ ነው። ወዙ ሳይለቅ ከገባ ከላቡ ፕሮቲን ጋር ተገናኝቶ ቢጫውን ያብሰዋል። ስፖንጅ ከሆነ ደግሞ ስፖንጁን ራሱን ቢጫ ያደርገዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ወዙ ይወጣል፣ ቀጥሎ ይነጣል፣ ከዛ ይደርቃል። መድረቁ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ትራስ የሚበላሸው ግን እዛ ላይ ነው። እንደርስበታለን።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ትራሶች፤ እጅ ተራ በተራ ይጫናቸዋል።]

አሁን ትራሳችሁ ምን እንደተሞላ እወቁ። ጫን አድርጉትና ልቀቁት።

ወዲያው እንደ ጎማ የሚነሳ ከሆነ ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ አይዘፈዘፍም። ውሃ ይጠጣና ይከብዳል፤ ስትጨምቁት ይቀደዳል። ላዩን በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጥላ ሥር አናፍሱት፣ በቃ። የስፖንጁ ገላ ራሱ ቢጫ ከሆነ አየርና ብርሃን ያመጣው ስለሆነ አጥባችሁ አትመልሱትም። ልብስ አልብሱትና እርሱት።

ከብዶ፣ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ተጭኖ የሚቀር ከሆነ ጥጥ ነው። የአያቶቻችን ትራስ። ጥጡን ከነልብሱ ውሃ ውስጥ ከከተታችሁት ተጓጉሎ ድንጋይ ይሆናል፤ መሃሉም ሳይደርቅ ይሻግታል። አንዱን ጎን ስፌቱን ፍቱት። ጥጡን አውጥታችሁ አንሶላ ላይ ፀሐይ አስመቱት፤ እየቆነጠራችሁ በጣት በጣታችሁ ፍቱት። የሚታጠበው ጨርቁ ብቻ ነው። ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን አደረገኝ የሚል ሰው ጠዋት ሰፈር ውስጥ «ፍራሽ አዳሽ!» እያሉ የሚያልፉትን ይጥራ። ጥጥ መፍታት ለእነሱ የዘወትር ሥራ ነው።

ለስለስ ብሎ፣ ቀለል ብሎ፣ ቀስ እያለ የሚነሳው ፋይበር ነው። አብዛኛው የሱቅ ትራስ ይሄ ነው። የሚታጠበውም ይሄ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ የላባ ትራስ ይገጥማችኋል፤ ማሽን ላይ በለስላሳው ዙር፣ በጥቂት ሳሙና፣ ከዛ ማድረቂያው ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ከሁለት የቴኒስ ኳስ ጋር። ኳሶቹ እየዘለሉ ላባውን ይበትኑታል።

[ምስል፦ ሳፋ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ላርጎ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ።]

እሺ፣ ፋይበሩን እንጠብ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ ውሃው የሚመጣበትን ቀን ጠብቁ። እኔ ለአንድ ትራስ በ20 ሊትሩ ጀሪካን አምስት ያህል ይፈጅብኛል።

መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ ሳሙና፣ ግማሽ ሰዓት። ጨዉንና ፕሮቲኑን የሚያወጣው ይሄ ነው። ከሙቅ ውሃ ከጀመራችሁ ፕሮቲኑ እንደ እንቁላል በስሎ ጨርቁ ላይ ይጣበቃል። በሁለት መዳፋችሁ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ አድርጉት። እንደ ብርድ ልብስ በእግር አትርገጡት፤ እንደ ፎጣም አትጠምዝዙት። ውስጡ ይቋጠራል።

[ምስል፦ ከትራሱ የሚወጣው ውሃ በነጭ ሳህን።]

ይሄን ውሃ እዩልኝ። ቀጭን ሻይ ይመስላል። ሳሙና ገና አልነካውም እኮ።

ውሃውን ድፉት። ቢጫው ላይ በቀጥታ ላርጎ አፍስሱበትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ አሹት። የዕቃ ሳሙና የተሠራው ለስብ ነው፣ ለዛ ነው ከኦሞው በፊት እሱን ያስቀደምኩት። ግን ብዙ አታድርጉ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። በኋላ አረፋው አልቆ አያልቅም። ሩብ ሰዓት ተዉት።

አሁን ሙቅ ውሃ። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ከዛ በታች በሆነ ውሃ ቅቤ የነካውን ትራስ ማጠብ የወጥ ድስት በቀዝቃዛ ውሃ እንደማጠብ ነው፤ ስቡ ዙሪያውን ይዞራል እንጂ አይወጣም። ቴርሞሜትር የሌለን ሰዎች እንዲህ እናድርግ። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አንድ እጅ የፈላ፣ አንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ስትቀላቅሉ 55 ዲግሪ አካባቢ ታገኛላችሁ። እጅ ያቃጥላል፣ ጓንት አድርጉ ወይም በእንጨት ማማሰያ ጫኑት።

[ምስል፦ ነጭ ዱቄት ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ።]

ማንጫውን የምንጨምረው እዚህ ውሃ ላይ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ክሎሪን የሌለበት፣ በኦክስጅን የሚያነጣ ዱቄት ነው፤ በዱቄት የሚሸጠው ቫኒሽ ዓይነት ማለቴ ነው። ሙቅ ውሃ ሲነካው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይለቃል። ልኩ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። እሱ ከሌለ ፋርማሲ የሚሸጠውን ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አንድ ብርጭቆ ከግማሽ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ ጋር ጨምሩ። ሥራው ያው ነው፣ ትንሽ ደከም ይላል። ሁለት ሦስት ሰዓት ዘፍዝፉት፤ በመሃል ገልብጡት፣ ተንሳፍፎ አንዱ ጎኑ እንዳይቀር።

ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ሰው ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ እየደፋ አረፋውን ያሳያችኋል። አረፋው ለካሜራ ያምራል። አንዱ አሲድ፣ ሌላው ፀረ አሲድ ስለሆነ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፤ የሚቀራችሁ ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ነው። እኔም አንድ ሰሞን ሠርቼዋለሁ። አቼቶውን ለማለቅለቂያ አቆዩት።

ይህችን ደግሞ ጠንከር አድርጌ ልበል፦ በረኪናና አቼቶ በፍጹም አይገናኙ። መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቀልድ አይደለም። በረኪናን ከፐርኦክሳይዱም ጋር አትቀላቅሉት።

ማለቅለቅ ሦስቴ፣ አራቴ። ጫን ስታደርጉት አረፋ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ። በመጨረሻው ውሃ ላይ ግማሽ ስኒ አቼቶ ጨምሩ፤ የሳሙናውን ቅሪት ይዞ ይወጣል። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። ማሽን ያላችሁ ሁለት ትራስ አንድ ላይ ክተቱ፤ አንዱ ብቻውን ከሆነ ማሽኑ ሚዛኑን ስቶ ቤቱን ያናውጠዋል። ማለቅለቂያውን ሁለት ዙር አድርጉት።

[ምስል፦ ግቢ ውስጥ ገመድ፣ ሁለት ወንበር፣ ፀሐይ።]

አሁን መድረቁ ላይ ደረስን።

እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ በእንዶድ አጥበው ከነእርጥበቱ ሣር ላይ ሲያሰጡት ዝም ብለው አልነበረም። እርጥብ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ሲሆን የበለጠ ይነጣል። (ስለ እንዶድ ካነሳን አይቀር፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቀንድ አውጣዎቹ ለሚያስተላልፉት የቢልሃርዝያ በሽታ መከላከያ እንደሚሆን የደረሱበት። ልብስ ማጠብን አትናቁ።) አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ያቺ ፊታችንን የምታጠቁር ፀሐይ ለትራስ ስትሆን በነፃ የተሰጠች ማንጫ ናት።

ብቻ በክረምት አትጀምሩት። ሐምሌ ላይ የታጠበ ትራስ ነሐሴም አይደርቅ። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ነው ጊዜው። እሱም በጠዋት።

ትራሱን ወፍራም ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ተቀመጡበት። እውነቴን ነው፣ ቁጭ በሉበት፤ ፎጣው ውሃውን ይጠጣል። ከዛ ገመድ ላይ አትስቀሉት፣ ውስጡ ወደ አንድ ጥግ ይወርዳል። ሁለት ወንበር አጋጥማችሁ አጋድሙት፤ ከሥሩም አየር ያግኝ። በየሰዓቱ ገልብጡት፤ እየቆነጠራችሁ የተቋጠረውን ፍቱ። ሲመሽ ወደ ቤት አስገቡት፤ ጤዛው ቀኑን ሙሉ የደረቀውን ያረጥበዋል። በማግስቱ ድገሙት።

ላዩ ደርቆ መሃሉ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ሰውን የሚሸውደው ይሄ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ ከማጠባችሁ በፊት መዝኑት። ደርቋል ስትሉ እንደገና መዝኑት። ከበፊቱ የከበደ ከሆነ ልዩነቱ ውሃ ነው። ሚዛን ከሌለ ነጭ ወረቀት መሃሉ ላይ አድርጋችሁ በክርናችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ጫኑት። ወረቀቱ ከለሰለሰ ገና ነው። ገና ሳለ ልብስ ካለበሳችሁት በሳምንቱ የእርጥብ ውሻ ሽታ ይሸታል።

[ምስል፦ በፊትና በኋላ፣ ጎን ለጎን።]

የእኔ ይሄ ነው። አዲስ አይመስልም። ያ ካርታ ደብዝዞ የወተት ሻይ ጠብታ አክሏል። በረኪና ባላስቀድም ኖሮ የተሻለ ይሆን ነበር። ዓመታት የከረመ እድፍ በአንድ እጥበት ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ከሁለተኛው በኋላ ካልለቀቀ ግን ተዉት፣ ጨርቁን ትጨርሱታላችሁ። ለሁለት አጥፋችሁት ራሱ የማይዘረጋ ከሆነ ደግሞ ማጠቡም ድካም ነው፤ ውስጡ አልቋል። የእኔ አንዱ እንደዛ ሆኖ አሁን ወለል ሳጸዳ የምንበረከክበት ሆኗል።

ከእንግዲህ ሁለት ልብስ አልብሱት፤ ከውስጥ ዚፕ ያለው፣ ከላይ የተለመደው። የላዩን በየሳምንቱ እጠቡ፤ ትራሱን በዓመት ሁለቴ።

[ምስል፦ የታጠፈ አዲስ ሻሽ ትራሱ ላይ።]

እናቴ ለፋሲካ ልትመጣ ነው። ቅቤውን ተይ አልላትም። ሻሽ ገዛሁላት፣ ሌሊት የማይወልቅ፣ ላስቲክ ያለው።