አፈሩን አታልብሱብን

እንደምን አደራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ ዛሬ ደግሞ አያቶችም መጥታችኋልና እንኳን ደህና መጣችሁ። የክረምት ፕሮግራማችን መዝጊያ ስለሆነ የሐምሌና የነሐሴን ሪፖርት አቅርቢ ተብዬ ነው የተነሳሁት፣ አቀርባለሁ፣ ግን መጀመሪያ የሆዴን ልናገር። ባለፈው ሳምንት ከወላጅ ኮሚቴው አንድ ሀሳብ መጥቷል፣ መስከረም ትምህርት ሳይከፈት ግቢያችን ሰው ሰራሽ ሳር ይልበስ፣ ገንዘቡንም እኛ እናዋጣለን የሚል። ለልጆቻችሁ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኔ እቃወማለሁ።

እዚህ ከመምጣቴ በፊት የማስተምርበት መዋለ ህፃናት ግቢው መሃል ትልቅ ወይራ ነበር። ሥሩ ከመሬት ወጣ ብሎ ስለነበር ልጆቹ ፈረስ ነው እያሉ በየተራ ይቀመጡበታል፣ በዚያ ሥር የተጣላ የታረቀ ስንቱ። አንድ ጊዜ ከክረምት እረፍት ስንመለስ ወይራው የለም፣ መሬቱ ሲሚንቶ ተደርጎ ላዩ ላይ አረንጓዴው ምንጣፍ ተነጥፏል። ያምር ነበር፣ አልዋሽም፣ ወላጅ ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን አወጣኋቸው፣ ሮጡ ሮጡና ቆሙ፣ አንዷ ትንሽዬ ተንበርክካ ሳሩን በጥፍሯ ትፈለቅቃለች። ምን ፈልገሽ ነው ስላት "ሚስ፣ ትሉ በየት በኩል ነው የሚወጣው?" አለችኝ። ምን ልበላት? ጥቅምት ላይ ፀሀዩ ሲበረታ ደግሞ ያ ፕላስቲክ ይግላል፣ ልጆቹ ግድግዳ ስር ተደርድረው ይቀመጣሉ፣ ጥላ የሚሆነው ዛፍ ተቆርጧላ። ዓመቱን እንደምንም ጨርሼ ለቀቅኩ።

አሁን ወደኛ ግቢ ልምጣ። በሐምሌ መጀመሪያ የሀይላንድ ላስቲክ ቆርጠን፣ አፉን ገልብጠን እንደ ማጥለያ ሰካንበትና ጎኑ ላይ በማርከር እኩል እኩል መስመር አሰመርን። በየጠዋቱ አንድ ልጅ ወጥቶ የዝናቡ ውሃ ስንት መስመር እንደደረሰ ቆጥሮ ሰሌዳው ላይ ይፅፋል፣ ከዛ ይደፋዋል። ይሄ ቁጥር አይደለም? ነሐሴ 13 ቡሄ አለፈ። የአንዷ ልጃችን አያት "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት" ብለዋት ኖሮ መጥታ ለክፍሉ ሁሉ ተናገረች፣ ዝናቡ አለቀ ተባለ። በነጋታው ላስቲኩ ውስጥ አራት መስመር ውሃ! ጭቅጭቅ ሆነ፣ ግማሹ አያትሽ ተሳስተዋል ይላል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ ከዛ አንዱ ልጅ ሰሌዳውን አይቶ "ሐምሌ ላይ እኮ ዘጠኝ ነበር፣ እየቀነሰ ነው" አለ። አምስት ዓመቱ ነው! አያትየዋ ዛሬ እዚህ አሉ፣ እማማ፣ ልጆቹ እውነትዎን ነው ብለው ፈርደውልዎታል።

እንግዲህ አንድ አባት ቢሮ ድረስ መጥተው "የምከፍለው እንግሊዝኛ እንዲማር እንጂ ጭቃ እንዲያቦካ አይደለም" ብለውኛል። ስማቸውን አልጠራም፣ አከብራቸዋለሁ። ግን ጣቱ ያልጠነከረ ልጅ እርሳስ እንዴት ይይዛል? ጭቃ ሲያድቦለቡል፣ ጅራፍ ሲገምድ ነው ጣቱ የሚጠነክረው! እዚህ ካላችሁ አያቶች ፊደል የቆጠራችሁት ቄስ ትምህርት ቤት ዛፍ ስር መሬት ላይ ተቀምጣችሁ አይደለም እንዴ? "ኬጂ" ብለን የምናሳጥረው ኪንደርጋርተን የሚለው ቃል ራሱ ከየት መጣ? በፈረንጆቹ 1840 ፍሪድሪክ ፍሮቤል የሚባል ጀርመናዊ መምህር ነው ያወጣው፣ የልጆች አትክልት ቦታ ማለት ነው፣ እሱ ዘንድ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ትንሽ መደብ ነበረው። ስሙን ወስደን አትክልቱን ጣልነው፣ በምትኩ ለአምስት ዓመት ልጅ አራት ገፅ ሆምወርክ!

ደግሞ እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርስ ገሚሶቻችሁ ራቅ ብላችሁ ገባችሁ፣ ሌሊት ተነስታችሁ በታክሲ እያመላለሳችሁ ልጆቻችሁን ከዚህ ግን አላስወጣችሁም። ማታ የሚገቡት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። አፈር የሚነኩበት ቦታ ይሄ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ልንሸፍነው ነው?

ብርድ ይመታቸዋል ለምትሉ፣ ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ እሱም የሚመቸው ሰላሳ ልጅ መስኮት ዘግቶ ሲቀመጥ ነው። ኖርዌይና ዴንማርክ ልጆቹ በብርዱ ወራት በረዶ ላይ ነው የሚጫወቱት፣ ሙቅ ልብስ ለብሰው። ስለዚህ ቦት ጫማና አንድ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ላኩ፣ ስም ይፃፍበት፣ ካልሲም እንዳትረሱ። የሳሩን መዋጮ ካላችሁ ለጓሮው ውሃ መውረጃ ቦይ ይሁንልን፣ ያኔ ውሃው በር ላይ አይተኛም። ስለ እንግሊዝኛው የአፐር ኬጂ መምህሯ ታስረዳችኋለች፣ ሪፖርቱም ታትሞ በሩ ጋ አለ።

አሁን ልጆቹ ጓሮ እየጠበቁን ነው። የዘሩት ባቄላ አብቧል፣ ነጭ አበባው መሃል ላይ ጥቁር ነጥብ አለው፣ "አይን አለው፣ ያየናል" ነው የሚሉት፣ ሊያሳዩዋችሁ ቸኩለዋል። መሬቱ እርጥብ ነው፣ ታኮ ያደረጋችሁ እናቶች ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።