ያ ዝም ያልኩበት ዓመት

እንደምን ዋላችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ልጅ ለጎረቤት ትታችሁ የመጣችሁም አላችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ነርስም አይደለሁም። ኤዲኤችዲ፣ ማለት ትኩረት መሰብሰብና ተረጋግቶ መቀመጥ የሚያስቸግር ነገር፣ ያለበት የ11 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ስሙን አልጠራም፣ ስለሱ እንዳወራ የፈቀደልኝ "ስሜን ካልጠራሽ" ብሎ ነው።

ዛሬ የማወራው ስለ መድኃኒቱ ነው። ስለ ምርመራው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ እንደምንም እናወራለን፣ መድኃኒቱ ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም ድምፃችን ዝቅ ይላል። አንዷ ጓደኛዬ ደውላ "እንትኑን ጀመርሽለት እንዴ?" ነው ያለችኝ፣ ስሙን መጥራት ከብዷት። እኔም ያኔ "አይ ገና ነን" አልኳት። ጀምረን ነበር እኮ። ዋሸኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ፣ ልጄ 2ኛ ክፍል እያለ፣ ሐኪሙ አንድ ፎርም ለኛ አንድ ፎርም ለመምህሯ ሰጠ፣ ቫንደርቢልት ይሉታል፣ ሲያናግሩት የሚሰማ አይመስልም ወይ፣ ዕቃ ይጠፋበታል ወይ፣ ተራ መጠበቅ ይከብደዋል ወይ እያለ ይጠይቃል፣ እናንተ በፍጹም፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ ምናምን ብላችሁ ታከባላችሁ። ባለቤቴ ገና ግማሹ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠና "ይሄ እኮ እኔ ነኝ" አለኝ። እስከዛ ቀን ድረስ "እኔም ልጅ እያለሁ እንዲሁ ነበርኩ፣ በአርጩሜ ነው የተስተካከልኩት" ሲል የነበረ ሰው ነው። ኤዲኤችዲ በጣም በዘር የሚሄድ ነገር መሆኑን ኋላ ነው የነገሩን።

መጀመሪያ ያዘዙልን ኮንሰርታ ነበር፣ 18 ሚሊግራም፣ ጠዋት አንዴ። ውስጡ ያለው ሜቲልፌኒዴት ነው፣ ከሪታሊን ጋር አንድ ነው፣ ልዩነቱ ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ መለቀቁ ነው። (ኮንሰርታ ለምትሰጡ፣ ባዶ ሽፋኑ በሰገራ ይወጣል፣ እኔ መድኃኒቱ ሳይሟሟ የወጣ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፣ ችግር የለውም። ግን ኪኒኑ አይሰበርም፣ አይፈጭም፣ እንዳለ ነው የሚዋጠው።) 18ቱ ትንሽ ለውጥ አመጣ፣ ከዛ ወደ 27 ከፍ አደረጉት። እዛ ላይ ነው ልጄ የጠፋብኝ።

የላንች ሳጥኑ እንደሄደ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ፣ መድኃኒቱ ሲለቀው፣ ካልሲው ጠበበኝ ብሎ ግማሽ ሰዓት ያለቅሳል። ቀን ላይ ደግሞ ዝም። ያ ሶፋ ላይ የሚዘል፣ የእናቴን ስልክ ነጥቆ አማርኛና እንግሊዝኛ ደባልቆ የሚያወራ ልጅ ፈዞ ተቀመጠ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ደስ አለው፣ "በጣም ጥሩ ሆኗል፣ አይረብሽም" የሚል ኢሜይል ላኩልኝ። ያንን ኢሜይል አንብቤ ኩሽና ቆሜ አለቀስኩ።

ከዛ ምን አደረግኩ? አቆምኩት። ለሐኪሙ አልደወልኩም፣ ቀጠሮውን ሰረዝኩ፣ ለባለቤቴ እንኳን የነገርኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በልቤ "ሞከርን፣ አልሆነም፣ ለኛ ልጅ አይደለም" ብዬ ዘጋሁት። አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተዘግቶ ቆየ።

ዛሬ እዚህ የቆምኩት ስለዛ ዓመት ልነግራችሁ ነው። ያልገባኝ ነገር እንዲህ ነበር፣ አንድ መድኃኒት አልስማማ ማለትና መድኃኒት በጠቅላላው አልስማማ ማለት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። 27ቱ በዝቶበት ከሆነ ወደ 18 መመለስ ይቻል ነበር። ካልሆነ ወደ ሌላ ወገን መሻገር ይቻል ነበር። እነዚህ አነቃቂ የሚባሉት ሁለት ወገን ናቸው፣ አንዱ ሜቲልፌኒዴት ነው፣ ሌላው አምፌታሚን ነው፣ አደራልና ቫይቫንስ የምትሏቸው ማለት ነው። ከ10 ልጆች 7ቱ ገደማ መጀመሪያ በተሰጣቸው ይሻላቸዋል፣ ሁለቱንም ወገን ሲሞክሩ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ልጁን አይታችሁ፣ መዝናችሁ፣ የቱ እንደሚስማማው አስቀድማችሁ ማወቅ አትችሉም፣ ሐኪሙም አይችልም፣ በትንሹ ጀምሮ እያዩ መሄድ ነው። ይሄን ያኔ አንድ ሰው በአማርኛ ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ያንን ዓመት ልጄ ባላጣው ነበር።

ምክንያቱም ዓመቱ ነጻ አልነበረም። 3ኛ ክፍል ላይ ከሪሴስ፣ ከዕረፍት ሰዓት ጨዋታ፣ መከልከል የሳምንት ነገር ሆነ። የልደት ጥሪ ቀረ። አንድ ማታ ጥርሱን እየቦረሸ በመስታወት አየኝና "ማሚ፣ እኔ ደደብ ነኝ?" አለኝ። ማን አለህ ስለው "ማንም፣ እኔ ነኝ ያልኩት" አለ።

በሳምንቱ ሌላ ሐኪም ጋር ገባን። በዚህኛው ጊዜ አስተርጓሚ ጠየቅኩ። እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ አስራ ምናምን ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ ግን ሐኪም ፊት ስቀመጥ "የስ፣ የስ" ብዬ ጭንቅላቴን ነው የምነቀንቀው። እዚህ አሜሪካ አስተርጓሚ በነጻ ነው፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ በስልክም በቪዲዮም ሊሆን ይችላል፣ እባካችሁ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፣ ስለ ራሱ በሽታ ራሱ እንዲተረጉም።

የአስተርጓሚው ነገር ምን እንዳደረገልኝ ልንገራችሁ። ሐኪሟ ጠየቀች፣ እሱ በአማርኛ "በቤታችሁ ልጅ እያለ ወይም በጉብዝናው ዕድሜ ድንገት የሞተ ሰው አለ?" አለኝ። ይሄ ጥያቄ የፊተኛው ክሊኒክ ፎርም ላይም ነበር፣ "ኖ" ብዬ ነበር ያለፍኩት። በአማርኛ ስሰማው ግን ወንድሜ ትዝ አለኝ። 19 ዓመቱ ነበር፣ ደሴ፣ ኳስ እየተጫወተ ወደቀ፣ ቤት ውስጥ "ምች መታው" ተባለ፣ ከዛ በኋላ ስሙ አይነሳም። ለእማዬ ደወልኩ፣ በ20 ምናምን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሱ አወራን፣ ሁለታችንም አለቀስን። እነዚህ መድኃኒቶች የልብ ምትና የደም ግፊት ትንሽ ከፍ ስለሚያደርጉ ሐኪሟ ምንም ሳትጀምር ኢኬጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ አዘዘች፣ የልብ ሐኪምም አየው። ደህና ነው ተባለ። እናንተም አገር ቤት ደውላችሁ ጠይቁ፣ ቡዳ የተባለውን፣ ምች የተባለውን፣ የተዳፈነውን ሁሉ።

ከዛ ቫይቫንስ ጀመርን፣ 20፣ ቀጥሎ 30። ኪኒን መዋጥ ለሚቸገር ልጅ ካፕሱሉ ተከፍቶ ውሃ ወይም እርጎ ውስጥ ተበጥብጦ ወዲያው ይሰጣል፣ ለኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነበር። ሐኪሟ ደብተር ያዢ አለችኝ። ስንት ሰዓት ወሰደ፣ ምን በላ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ላይ አለቀሰ። እኔ አንድ መስመር ጨመርኩበት፣ ማታ ማታ እሱን ጠይቄ የሚለኝን በራሱ ቃል መጻፍ።

በሦስተኛው ቀን "ድሮ ቲቸሯ ስታወራ ግማሹን ነበር የምሰማው፣ ዛሬ እስከ መጨረሻው ሰማኋት" አለኝ። ደብተሩ ላይ አለ።

ስለ ፊተኛው መድኃኒትም ያኔ ነው የጠየቅኩት። "ጓደኞቼ ኳስ ሲጫወቱ አያቸው ነበር፣ መሄድ ግን አያምረኝም ነበር" አለ። ዓመት ሙሉ በውስጡ ይዞት፣ ማንም አልጠየቀውም። እኔ የላንች ሳጥን ስቆጥር እሱን አልጠየቅኩትም።

ሁሉ ነገር ቀና ሆነ ማለቴ አይደለም። እንቅልፍ እምቢ አለ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ጣሪያ ያያል። ለሱ ማታ ማታ ጓንፋሲን ትንሽ ጨመሩልን፣ እሱ አነቃቂ አይደለም፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በጣም አስተኛው፣ ከዛ ተስተካከለ። ጓንፋሲን በድንገት አይቆምም፣ ግፊት ሊጨምር ይችላል፣ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው፣ እንደ እኔ ዝም ብላችሁ እንዳታቋርጡ። ምግቡን ደግሞ ጊዜውን ቀየርነው፣ ጠዋት መድኃኒቱ ሳይሰጥ ጨጨብሳ ወይ እንቁላል በደንብ ይበላል፣ ቀን አላስጨንቀውም፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ረሃቡ ሲመጣ ምግቡ ይጠብቀዋል፣ አጥሚት ይወዳል። ቁመቱንና ክብደቱን በየሦስት ወሩ ያዩታል። ለጾሙ የንስሐ አባታችንን ጠየቅኩ፣ መድኃኒት ለሚወስድ ልጅ አይገደድም አሉኝ።

2023 ላይ ደግሞ መድኃኒቱ ከገበያ ጠፋ። የአደራል እጥረት ከ2022 ጥቅምት ጀምሮ ነበር፣ ኋላ ቫይቫንስም ተከተለ። 9 ፋርማሲ ደውያለሁ፣ ፍሬድሪክ የሚባል ከተማ ድረስ ነድቻለሁ። እነዚህ መድኃኒቶች ቁጥጥር ስላለባቸው ሬፊል የሚባል የላቸውም፣ በየወሩ አዲስ ትዕዛዝ ነው፣ ስለዚህ ሳያልቅ ሳምንት ሲቀረው ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። በዛ ሰሞን አንዲት እናት ሁለት ፍሬ አበድሪኝ ብላኛለች፣ ጭንቀቷ ገብቶኛል፣ ግን አልሰጠኋትም፣ ያንዱ ልጅ ዶዝ ለሌላው አይሆንም፣ ሕጉም አይፈቅድም። ቤት ውስጥም ቆልፉበት።

ስለ ዘመዶቻችን አንድ ነገር ልበል። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው "ጸበል ነው እንጂ ኪኒን ምን ያደርግለታል፣ ይሄ አሜሪካኖች አሁን ያመጡት ነገር ነው" አሉ። አክብሬ ነው የመለስኩላቸው። እማማ፣ ሜቲልፌኒዴት የተሠራው 1944 ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው፣ አሁን የመጣ አይደለም፣ ጸበሉንም እንወስደዋለን፣ ኪኒኑንም እንሰጠዋለን አልኳቸው። ሄድን፣ ተጠመቀ፣ በማግስቱም ጠዋት መድኃኒቱን ወሰደ። ሲሄዱ ራሳቸው "ኪኒኑን ሰጠሽው?" እያሉ የሚያስታውሱኝ እሳቸው ነበሩ።

አሁን መድኃኒቱን ያልጀመራችሁ ጀምሩ እያልኩ አይደለም። ከ6 ዓመት በታች ላሉት ሐኪሞቹ ራሳቸው መጀመሪያ የወላጅ ሥልጠና ነው የሚሉት፣ ከዛ በላይም ቢሆን መድኃኒቱ ብቻውን አይደለም፣ ትምህርት ቤት ውስጥ 504 የሚባለውን፣ ትምህርት ቤቱ ልጁን በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚያግዘው የሚጻፍበትን እቅድ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። እኔ የምለምናችሁ ጀምራችሁ ከከፋባችሁ በዛው ቀን ደውሉ ነው። "ልጄን አላውቀውም" በሏቸው፣ በዚሁ ቃል፣ ይገባቸዋል። ካልገባቸው ሐኪም ቀይሩ።

ደብተሩን ይዤው መጥቻለሁ፣ እዛ ሻይ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እንዴት እንደሚያዝ ማየት የፈለገ ማገላበጥ ይችላል። አንዷን ገጽ ግን ልጄ "እሷን ለማንም እንዳታሳዪ" ብሎኛል፣ አጥፌ በስቴፕል ዘግቻታለሁ፣ እሷን እለፉልኝ።