ጠግቦ የሚወድቅ ጤፍ

የተከበራችሁ አርሶ አደሮች፣ የልማት ሠራተኞች፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

በመስክ ቀን ሁሉም ስለ ኩንታል ነው የሚያወራው። እኔ ዛሬ ስለ አገዳው ላውራ።

ጤፍ የሚጋሽበው ተርቦ አይደለም። ሲጠግብ ነው የሚወድቀው። ዩሪያ ሲበዛለት ይረዝማል፣ ዘለላው ይከብዳል፤ የታችኛው አንጓ ግን ያው ቀጭን ነው። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ አንድ ሌሊት ከመጣበት ማሳው ተነጥፎ ያድራል። ከእርጥብ መሬት ጋር የተኛ ጤፍ ደግሞ መልኩ ይበላሻል፣ ነጩ የነጭ ዋጋ አያወጣም። ኮምባይነርም አያነሳውም። ገበሬው በገዛ ገንዘቡ ማዳበሪያ ገዝቶ ጤፉን ያስተኛል ማለት ነው!

ስንዴ ከዚህ ጣጣ የተገላገለው በማጠር ነው። አሜሪካዊው የስንዴ ተመራማሪ ኖርማን ቦርሎግ ሜክሲኮ ውስጥ ኖሪን 10 ከሚባለው የጃፓን ስንዴ የመጣውን አጭር ቁመት ከራሱ ዝርያዎች ጋር አዳቀለ። ማዳበሪያ የጠገበው ስንዴ ዘለላውን ተሸክሞ ቆመ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ።

ታዲያ ጤፍንስ ለምን አናሳጥረውም? ተሞክሯል፣ አጠር ያሉ ዝርያዎችም ወጥተዋል። ግን ጭዱስ? በበጋ በሬው የሚበላው እሱን ነው። ቤት ሲመረግ ጭቃው ውስጥ የሚገባውም እሱ ነው። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከቁመቱ በፊት የታችኛው አንጓ ውፍረት ይታይ እላለሁ።

እስከዚያው በእጃችን ያለ ነገር አለ። በብተና በሄክታር 25፣ 30 ኪሎ ሲዘራ ቡቃያው ተፋፍጎ፣ ብርሃን ፍለጋ እየተሻማ ሽቅብ ይመዘዛል። ዘሩን ቀንሳችሁ በመስመር ስትዘሩ አገዳው ይደነድናል። ዩሪያውንም በአንዴ አትስጡት፣ ከፍላችሁ ስጡት።

የወደቀ ጤፍ ስታገኙ ጎንበስ በሉና ከታች እዩት። አገዳው ታጥፏል ወይስ ሥሩ ከነአፈሩ ተላቆ ነው ያዘነበለው? ሁለቱ አንድ በሽታ አይደሉም። ሥሩ ከተላቀቀ አገዳ ማወፈር ብቻውን አያድነውም።

የልማት ሠራተኞች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መዝገባችሁ ላይ «ጋሸበ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። መቼ እንደወደቀ ጻፉ። ዘለላ ሲያወጣ የወደቀው ፍሬው በቅጡ አይሞላም፤ ሊታጨድ ሲል የወደቀው ግን ፍሬው ሞልቷል፣ ቶሎ ከተሰበሰበ ይተርፋል። ዝርያ ስንመርጥ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ዓይን ካየናቸው መጣል የሌለበትን ዝርያ እንጥላለን።

አሁን ወደ ማሳው እንግባ። ጫማችሁ ጭቃ ቢነካው ቅር አይበላችሁ።