ሙቀቱ እንዴት ወጣ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ጉዳያችን የቤት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ) ሲሞቅ ምክንያቱን እንዴት እናገኛለን የሚል ነው።

ሚያዝያና ግንቦት ላይ ባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል 30 ዲግሪ ከደረሰ ፕሮሰሰሩን የሚያበርደው አየርም ያው 30 ዲግሪ ነው። ማራገቢያ አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ «ፕሮሰሰሬ 85 ዲግሪ ገባ» ስትሉ አብራችሁ የክፍሉን ሙቀት ንገሩኝ። ከ85 ላይ 30 ሲቀነስ 55 ነው። ይኸው ማሽን ነሐሴ ላይ ክፍሉ 20 ሲሆን 75 ገደማ ያሳያል፤ ልዩነቱ ግን ያው 55 ነው። በዚህ መሃል የተበላሸ ነገር የለም። ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ቀፎ) አየር በሚስብበት በኩል አስቀምጡት።

ሌላም አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ባሕር ወለል ላይ ካለው በ16 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያንሳል። ዩቲዩብ ላይ ባሕር ጠረፍ አካባቢ፣ 21 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የተለካን ቁጥር ይዞ የራስን ማሽን መኮነን ትክክል አይመስለኝም።

የፕሮሰሰራችሁን የሙቀት ጣሪያ ደግሞ እወቁ። የኢንቴሉ ኮር አይ5-12400 እስከ 100፣ የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600 እስከ 90 ዲግሪ ድረስ ተፈቅዶለታል። እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሙቀቱን የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ኤችደብሊውኢንፎን ክፈቱ፣ ማሽኑ ምንም ሳይሠራ 10 ደቂቃ ቆዩና ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ ፕሮሰሰሩን በሙሉ ኃይል የሚያሠራውን መፈተሻ ፕሮግራም፣ ሲኔቤንችን 10 ደቂቃ አስነሡ። እኔ አጥብቄ የምላችሁ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አትዩ፤ አወጣጡን ተመልከቱ። ከ45 ተነሥቶ በ2 ወይም በ3 ሴኮንድ ውስጥ 95 ላይ ጉብ ካለ፣ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ ሂትሲንኩ (ላዩ ላይ ወደተቀመጠው ሙቀት የሚስብ ባለ ክንፍ ብረት) እየተሻገረ አይደለም። ወይ በሁለቱ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቋል፣ ወይ ሂትሲንኩ በደንብ አልተቀመጠም፣ ወይ አዲስ ከሆነ ከሥሩ ያለው ላስቲክ አልተላጠም። 70 ላይ ደርሶ ከዚያ በየደቂቃው ቀስ እያለ ወደ 85 የሚወጣ ከሆነ ግን ችግሩ አየር ነው። የኬዙን የጎን ክዳን አውልቁና ድገሙት። በ8 ወይም በ10 ዲግሪ ከወረደ ኬዙ ታፍኗል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ሥር ካለ ሳጥን ውስጥ ገብቶ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ሲስብ ታገኙታላችሁ።

አቧራውን ከላይ አይታችሁ «ንጹሕ ነው» አትበሉ። የሚያፍነው በማራገቢያውና በሂትሲንኩ ክንፎች መካከል ያለው ነው። ማራገቢያውን ስታነሡ የመንገዱ አቧራ፣ የልብስ ብናኝና ማታ በመብራት ተስቦ የገባ ትንኝ ተጣብቀው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፈው ታያላችሁ። ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ ውጭ አውጡት፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። አየር የምትነፉበት ከሆነ ማራገቢያውን በጣት ያዙት፤ እንዲሁ ከተሽከረከረ ይጎዳል።

ከአየሩ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከኢንቴል ጋር በሚመጣው ሂትሲንክ አራት እግሮች ላይ ነው። እያንዳንዱ እግር አናቱ ላይ ቀስት አለው። ለማውለቅ ወደ ቀስቱ አቅጣጫ ይዞርና ወደ ላይ ይሳባል። መልሶ ከመግጠም በፊት ወደ ቦታው ካልዞረ ሲጫኑት የገባ ይመስላል፣ ግን አይቆልፍም። በሰያፍ ሁለት ሁለቱን ተጫኑ፣ «ቀጭ» ሲል ስሙት፣ ከዚያ ማዘርቦርዱን (ፕሮሰሰሩ የተሰካበትን ዋና ሰሌዳ) ገልብጣችሁ ነጩ ጫፍ አራቱም ጋ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን እዩ። አንዱ ብቻ ካልወጣ ሂትሲንኩ ያዘነብላል፤ ያኔ ምንም ዓይነት ፔስት አያድነውም።

ፔስት ከተቀየረ፣ የድሮውን በአልኮልና በማይበጣጠስ ጨርቅ እስኪያበራ ጥረጉ፣ ይድረቅ። መሃል ላይ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ ይበቃል። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት፣ ውሃው ሲተን ይሰነጣጠቃል። ኤኤም4 በሚባለው የፕሮሰሰር መሰኪያ (ሶኬት) ላይ ያለ ራይዘን ከሆነ ደግሞ ሂትሲንኩን በቀጥታ ወደ ላይ አትሳቡ። ፔስቱ ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ነቅሎ ያመጣዋል፣ የፕሮሰሰሩ ቀጫጭን እግሮችም ይጣመማሉ። መጀመሪያ ማሽኑን 10 ደቂቃ አሠርታችሁ ፔስቱን አለስልሱ፣ አጥፉና ንቀሉ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እያዟዟራችሁ አላቁት።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ከሞቀ ባዮስ ውስጥ (ማሽኑ ሲነሣ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) የኃይል ገደቡን እዩ። 12400 በመደበኛው 65 ዋት፣ ለአጭር ጊዜ 117 ዋት ነው የተሰጠው። አንዳንድ ማዘርቦርድ ገደቡን አንሥቶ ይተወዋል። 65 ዋት ላይ መልሱትና በዚያው ሰዓት፣ መስኮቱ እንደነበረ ሆኖ፣ ልኬቱን ድገሙ። 55 የነበረው ልዩነት 42 ከገባ ክዳኑን ግጠሙ። ቁጥሩን ከነወሩ ጽፋችሁ ኬዙ ውስጥ ለጥፉት፤ በሚቀጥለው ግንቦት የምታወዳድሩት ከእሱ ጋር ነው።

ቸር ቆዩኝ።