ጋፋትኛ ሬዲዮ አልደረሰለትም

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ያለሁት እንጅባራ ነው፤ ብርዱ እንደ ልማዱ ነው። ስለ ሚዲያና ስለ ቋንቋ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፣ እሱን ላውራችሁ።

ከጋፋት ልጀምር። ጋፋትኛ እዚሁ ጎጃም፣ በዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረ ሴማዊ ቋንቋ ነው። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ይዞ ሄዷል። ጽሑፉ ዛሬም ኦክስፎርድ ይገኛል። በፈረንጆቹ 1947 ደግሞ የቋንቋ ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው መጣ። ቋንቋውን የሚናገሩ ስንት ሰው ያገኘ ይመስላችኋል? አራት። አራት ሰው ብቻ! ዛሬ ሰዋስዉን መጽሐፍ ገልጦ ማጥናት ይቻላል። እናት ልጇን ስትቆጣ ድምፁ እንዴት ከፍና ዝቅ እንደሚል ግን የሚያሰማን ሰው የለም። ይሄ በጣም ያመኛል።

የአዊ አገዎች ቋንቋ አውኚ ግን እዚያ አልደረሰም፣ ተመስገን ነው። የአዊ ልጆች አንደኛ ደረጃ ላይ ይማሩበታል። ባሕር ዳር ያለው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን፣ አሚኮም፣ ከአማርኛ ሌላ በአውኚ፣ በዋግ ኽምራ አገዎች ቋንቋ በኽምጣናና በኦሮምኛ ያሠራጫል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሬዲዮ ፊደል ቁጠሩ አይልም። ከብት የሚጠብቀውም፣ እንጀራ የምትጋግረውም እኩል ይሰሙታል። ልጅም የቤቱን ቋንቋ በሬዲዮ ሲሰማ አንገቱን ቀና ያደርጋል።

ግን ዜና ብቻውን ቋንቋ አያቆምም። የስብሰባ ዜና ከአማርኛ ተተርጉሞ ሲነበብ፣ ቃሉ አውኚ ቢሆንም አካሄዱ የአማርኛ ነው። ገበያ ውስጥ አንድ የቀርከሃ ሥራ የሚያውቁ አባት አግኝቼ ነበር። ስለ ሥራቸው ስጠይቃቸው በአማርኛ ቁጥብ አድርገው መለሱልኝ። ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ዞረው በአውኚ ቀጠሉ። እጃቸው ተፈታ፣ ሳቁ፣ የተሰነጠቀውን ቀርከሃ አንስተው እያጎበጡ አሳዩት። እኔ ያልሰማሁት ወሬ ሁሉ እዚያ ነበር። ማይክ መቀመጥ ያለበት እንደዚህ ያለ ቦታ ነው።

የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበርበትን ጥር 23ን አስቡት። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በዓሉ ሲደርስ ካሜራው ይጎርፋል። ፈረሱ ይታያል፣ ጌጡ ይታያል። አዛውንቱ በቋንቋቸው መናገር ሲጀምሩ ግን ብዙ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ይልና አማርኛ ይደረብበታል። ለምን? ድምፃቸውን ተዉት፣ አማርኛውን ከሥር በጽሑፍ አስፍሩት። ሙሉ ቅጂውም አይጥፋ። ለሁለት ደቂቃ ዜና ተብሎ የተቆረጠው ነገር የልጅ ልጃቸው ውርስ ነው።

ስልክ ያላችሁ የአዊ ልጆች፣ እናንተንም ላስቸግራችሁ። አያቶቻችሁን ቅረጿቸው። «በሉ በአውኚ ተናገሩ» አትበሏቸው፣ ሰው እንደዚያ ሲባል ይጨነቃል። ፈረስ እንዴት እንደሚገራ፣ ማር እንዴት እንደሚቆረጥ በቋንቋቸው ጠይቋቸውና ዝም ብላችሁ አድምጡ። መጀመሪያ ላይ ስማቸውን፣ ቀበሌውንና ቀኑን ተናገሩ። ከስልኩ ሌላ ቦታም አስቀምጡት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ሚሞሪ ይበላሻል። ኽምጣና ለምትናገሩም፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ ለምትናገሩም እንደዚሁ ነው። በሉ ደህና ሁኑልኝ።