ዋንጫዎቹ የት ገቡ?

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ የቀድሞ ተጫዋቾቻችን፣ የደብረ ብርሃን የኳስ ቤተሰቦች፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳና ከደነባ ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ድሮ ኳስ እንድናገር ነው። እናገራለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ እሱን ሳልጠይቅ ከዚህ መድረክ አልወርድም። ጥያቄው እንዲገባቸው ግን መጀመሪያ ወጣቶቹ የነበረውን ነገር ይስሙ።

ሜዳችን ያኔ አጥር አልነበረውም። አጥሩ ሰው ነበር። ልጆች ፊት መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ከኋላቸው ወጣቱ ይቆማል። ከወጣቱ ኋላ ደግሞ በርኖሳቸውን የደረቡ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የሳቡ አባቶች አሉ። መስመሩ በኖራ ይሠመራል፤ ዝናብ ሲመጣ ይታጠባል፤ ዳኛውም ከዚያ በኋላ በዓይን መጠን ይፈርዳል። ኳሷ የቆዳ ናት። ውሃ ስትጠጣ ትከብዳለች። በግንባሩ የመለሳት ተከላካይ የስፌቷን ምልክት ግንባሩ ላይ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ይህን እዚህ ካላችሁት ውስጥ ስንቶቻችሁ እንደምታስታውሱ ፊታችሁ ላይ እያየሁት ነው።

ተጫዋቹን እናውቀው ነበር። ትልቁ ነገር ይሄ ነው። እሑድ ጎል የሳተ አጥቂ ሰኞ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ «ምን ነካህ?» ይባላል። እናቱም ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ትጠየቃለች። ጎል ያገባ ቀን ደግሞ ሻይ ቤት ሒሳብ አይከፍልም።

የሸዋ ሮቢቱን ጨዋታ ልንገራችሁ። ከሸዋ ሮቢት የመጣችሁ ወንድሞቻችን አትቀየሙን፤ እናንተም እኮ በደንብ ታስታውሱታላችሁ። የመጀመሪያው ጨዋታ እናንተ ጋ ነበር። አይሱዙ ላይ ተጭነን፣ እየጨፈርን፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ወረድን። ከ2,800 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ቆላ መውረድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጆቻችን ገና ሲያሟሙቁ መለያቸው ላብ በላብ ሆነ። ከእረፍት በኋላ እግራቸው አልታዘዝ አለ። 2 ለ 0 ተሸነፍን። ዳገቱን ስንወጣ ጭፈራ ቀርቶ የሚያወራም አልነበረም።

የመልሱ ጨዋታ እዚህ ሆነ። ቀኑ እንዴት ያለ ቀን ነበር! ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሣም። ከሜዳው መሐል ሆኖ ጎሉ አይታይም። የእንግዶቹ በረኛ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይንቀጠቀጣል። የእኛ በረኛ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ሠርተው፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ በቀጥታ ነው የመጡት። እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። የብርድ ልብሱ ብናኝ ገና ፀጉራቸው ላይ ነበር። እኛ ከጎሉ ጀርባ ቆመናል። ኳስ ከጉሙ ውስጥ በድንገት ነው የምትወጣው። ስለዚህ በመስመሩ ዳር የቆመው ሰው «በግራ! በግራ መጣ!» ይላል፤ እኛ ከኋላ እንቀባበላለን፤ እሳቸው ድምፅ ሰምተው ይወረወራሉ። ከተማው በሙሉ ዓይን ሆኖላቸው ነበር።

3 ለ 0 አሸነፍን። ሦስተኛዋ ጎል የገባችው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ማን እንዳገባት ያወቅነው ራሱ እየሮጠ ከጉሙ ሲወጣ ነው። በዚህ ያበቃ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያ በኋላም አላለቀም። ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። በረኛችን አዳኑት! በደረታቸው!

እኚያ በረኛ ዛሬ እዚህ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ፣ እባክዎ ይነሡ፤ ልጆቹ ይዩዎት። አጨብጭቡላቸው!

የዚያን ቀን ዋንጫ ተቀበልን። ትንሽ ናት፤ ከክንድ አትበልጥም። በጭፈራው መሐል ወድቃ አንደኛው ጆሮዋ ጠመመ። እንደጠመመች መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ገባች። ከእሷ በፊት የመጡትም፣ በኋላ የመጡትም ዋንጫዎች እዚያው ነበሩ። ከኋላቸው የቡድኑ ፎቶዎች ተደርድረዋል። ከፎቶዎቹ ጀርባ በእስክሪብቶ የተጫዋቾቹ ስም ተጽፏል።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ። ዋንጫዎቹ የት ገቡ?

እኔ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ቁም ሣጥኑ አለ። መስታወቱም አለ። ውስጡ ግን አሮጌ ፋይልና የተሰበረ ማተሚያ ነው ያለው። ቢሮ ሲቀየር «አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት» ተብሎ ተወግዷል አሉኝ። ማን ፈረመ? አይታወቅም። ወዴት ተወገደ? አይታወቅም። ፎቶዎቹስ? አንዱ ሌላው ጋ ላከኝ፤ ሌላውም መልሶ ወደ መጀመሪያው ላከኝ።

አገልግሎት የማይሰጥ ማለት ምን ማለት ነው? ዋንጫ ምን እንዲያደርግ ነበር የተፈለገው? እነዚህ ሰዎች ደመወዝ አልተከፈላቸውም። ታኬታ እየተዋዋሱ ነው የተጫወቱት። ጉልበታቸው ሲሰበር ወጌሻ ጋ የሄዱት በራሳቸው ገንዘብ ነው። ይህች ከተማ የሰጠቻቸው ክፍያ ያ ቁም ሣጥን ብቻ ነበር። እሱን ለቁራሊዮ መስጠት ድፍረት ነው! የሚመለከታችሁ ኃላፊዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለጋሼ ስጧቸው!

ትንሽ ነገር ነው የምትሉ ካላችሁ ትልቁን እንይ። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ በላች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አራተኛዋን ጎል መንግሥቱ ወርቁ አገባ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ሉቺያኖ የየት ተጫዋች ነበር? የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ! የአገር አምበል የወጣው ከክፍለ ሀገር፣ ከፋብሪካ ቡድን ነው። ያ ሰው በደርግ ዘመን ከአገር ወጣ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ አረፈ። ወንድሙ ኢታሎ፣ በዚያ ፍጻሜ ሦስተኛዋን ጎል ያገባው፣ ከእሱ ቀድሞ አለፈ። ዛሬ ከወጣቶቻችን ስንቱ ነው ስማቸውን የሚጠራው? የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣ ሰው እንዲህ ከተረሳ፣ የደብረ ብርሃንን በረኛ እኛ ካልያዝነው ማን ይይዘዋል?

በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈን ስንበላ ሁላችንም ትዝ ይለናል። የስፖርት ጋዜጠኛው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ አለና። ስታዲየም ያልገባው ሁሉ በእሱ አንደበት አይቶታል። የአዲስ አበባ ስታዲየምን የተመልካች ቦታዎች ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ እያልን እናወራለን፤ ስም ስለወጣላቸው አልጠፉም። የእኛን ጨዋታ ግን ማንም በሬዲዮ አላስተላለፈውም። ያለን ፎቶና ዋንጫ ነበር።

ስለ ዛሬው ኳስ ብዙ አልልም። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጋችን በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ፤ ጥሩ ነው። ግን ውድድሩ በጥቂት ከተሞች እየተሰበሰበ ሲካሄድ ደጋፊው የገዛ ቡድኑን በቴሌቪዥን እንዲያይ ሆነ። ብሔራዊ ቡድናችንም ሜዳችሁ አይመጥንም ተብሎ የሜዳውን ጨዋታ ሰው አገር ሲጫወት ዓመታት አለፉ። ልጆቹ አርሰናልና ማንቸስተር ቢሉ አልፈርድባቸውም። ከቤታቸው አጠገብ የሚያዩት ምን ተውንላቸው?

ሜዳውንም ጠብቁ። በዚህ ላይ ሌሎች ተናጋሪዎች ስላሉ ለእነሱ እተወዋለሁ።

የምጠይቀው ይኸው ነው። ኃላፊዎች፣ የማስወገጃውን ሰነድ ፈልጋችሁ አውጡ፤ ዋንጫዎቹ ማን እጅ እንደገቡ ይታወቅ። የገዛቸው ሰው ካለ አዋጥተን እንመልሳለን። እናንተ ደግሞ ቤታችሁ ያለውን ፎቶ አምጡ። በር ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ልጆቹ በስልክ አንሥተው ወዲያው ይመልሱላችኋል። ማን ማን እንደሆነ፣ የት ይጫወት እንደነበር ቁጭ ብላችሁ አጽፉ። የሞቱትንም አትርሱ። መጀመሪያ የሚጻፈው የጋሼ ስም ነው።

አመሰግናለሁ።